ባልሽ ማነው? ያልኩበት በጋ

እሑድ፣ ጥር 9 ቀን 1957

እኔ አየነው ዛሬ የሠራሁትን ሥራ ልጆቼ ያንብቡት። ልጆች የሉኝም፣ ሚስትም ገና ናት። ቢሆንም ይጻፍ።

ከዘንባባ ጋር ተጫወትን። ዘንባባ የመጋላ ሰፈር ልጆች ቡድን ነው፤ እኛ ፉርጎ ነን፣ የከዚራ። በመካከላችን የደቻቱ ወንዝ አሸዋውን አንጥፎ ተኝቷል። ውኃ የለውም፣ ጠብ ግን አጥቶ አያውቅም። እና አጠቃናቸው አቦ! ግን የእነሱ በረኛ፣ በሺር የሚሉት፣ ኳሱን ሁሉ እንደ ብርቱካን ለቀመብን። ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያዞር ሰው ነው። ፀጉሩን በቫዝሊን አስተኝቶ፣ አረንጓዴ ጓንት አድርጎ ነው ሜዳ የሚገባው። ጓንት! በድሬ ሙቀት! ሪጎሬ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ተሰጠን፣ እሱንም ያዘው። ይዞ ሲያበቃ ጓንቱን አራገፈና ፀጉሩን ነካ ነካ አደረገ።

ያኔ ደሜ ፈላ። ለድምፅ እግዚአብሔር አልነፈገኝም፤ ለገሃር ቆሜ «ሽንሌ! አዲጋላ! አይሻ! ደወሌ!» እያልኩ የጅቡቲን ተሳፋሪ ስጠራ አሸዋ ገበያ ድረስ ይሰማል ይላሉ። በርሜል ላይ ወጣሁና እዚያው የመጣልኝን ለቀቅኩት፦

በሺር ሙሽሪት ጓንቷን አጠለቀች፣
ኳሷ ስትመጣ ፊቷን ደበቀች!

እጄን አንስቼ «ባልሽ ማነው?» ስል ቲፎዞው በሙሉ «ባልሽ ማነው? ባልሽ ማነው?» እያለ ተቀበለኝ። ሮብሌ በቆርቆሮው ዱም! ዱም! ሜዳው ተናወጠ። እውነቱን ለመናገር በሺር ፊቱን አልደበቀም፤ ቤት እንዲመታልኝ ነው። ባዶ ለባዶ ወጣን፤ እኔ ግን ያሸነፍን ያህል በትከሻ ተሸክመው ወሰዱኝ።

ስለ ሮብሌም ይጻፍ። ጋሪ ነጂ ነው፣ ወዳጄ ነው፣ ልጅ ሆነን በክረምት የደቻቱ ጎርፍ ሁለታችንንም ሊወስደን ሲል እኔን በፀጉሬ ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው። የፉርጎ ከበሮ መቺም እሱ ነው፤ ከበሮው የዘይት ቆርቆሮ ነው። ፈረሱ ሻምበል ይባላል፣ ከሁርሶ ወታደሮች የተገዛ ጡረተኛ ስለሆነ። ሻምበል የከበሮ ድምፅ ሲሰማ ጦርነት የተጀመረ ይመስለውና ይጋልባል። ስለዚህ ጨዋታ ባለ ቁጥር ሮብሌ ጆሮውን በጨርቅ ጠቅጥቆ ከሜዳው ራቅ አድርጎ ያስረዋል።

ሰኞ፣ ጥር 10

ከተማው ዘፈኔን ይዞታል! ጠዋት ሻንጣ ተሸካሚዎቹ፣ ቀትር ላይ ሻሂ ቤት። ማታ ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ሁለት ዲያቆናት ዛፍ ሥር «ባልሽ ማነው» ሲሉ ሰማሁ። ሲያዩኝ ሳል ሳል አደረጉ።

ነጋ ጎሚስታ ደግሞ አንዲት ክፉ ቃል ጨመረባት። ነጋ ጎማ እየለጠፈ የሚኖር፣ ከእኔ ቀጥሎ የፉርጎ ትልቅ ጯሂ ነው። ቃሏን እዚህ አልጽፋትም፤ እማዬ ይህን ደብተር ብታገኘው ለንስሐ አባቷ ታስነብበዋለች። ሰዉ ግን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሲስቁ አለመሳቅ ያስገምታል።

እሑድ፣ ጥር 16

የቀፊራ ገበያን ጫኝና አውራጆች ሁለት ለአንድ ረታን። በረኛቸው ጋሼ ዲሪር የሰባት ልጆች አባት፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሰው ነው። ቢሆንም «ባልሽ ማነው?» አልነው፤ ዘፈኑ እንዳይበርድ። ሆዱን ይዞ ሳቀና አንዱን ጎል በእግሩ መካከል አሳለፈው።

የሮብሌ ከበሮ ግን ተሰናከለ። «ባልሽ» ላይ የሚወድቀው ዱም «ማነው» ላይ ይወድቃል። ምን ሆነሃል ስለው «ረመዳን ነው፣ ጾም ነው» አለኝ። እንዴ! ከሮብሌ ጋር ስንት ረመዳን አሳልፈናል፤ ሆዱ ባዶ ሲሆን እንዲያውም ይበልጥ ነበር የሚመታው። ቡዳ በልቶት እንዳይሆን።

ሐሙስ፣ ጥር 20

ባቡር ልጠራ ስለሆነ በችኮላ። ጉድ አየሁ!! መግሪብ ላይ የሮብሌ ጋሪ በድልድዩ ሲያልፍ በሺር ተቀምጦበታል። ደንበኛ የሚቀመጥበት ከኋላ አይደለም፤ ፊት፣ ከሮብሌ ጎን። ከአንድ ወረቀት ቴምር እየበሉ ያፈጥራሉ። ሮብሌ ይስቃል። እናቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ገባኝ። እኔ እኮ ሞኝ አይደለሁም። ሮብሌ ለፉርጎ እየሰለለ ነው! በረኛውን አላምዶ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚሰንፍ ሊያጠናልን ነው። ለእኔ እንኳ ሳይነግረኝ! ወይ ብልጠት!

ሐሙስ፣ ጥር 27

ትናንት ዒድ ነበርና ሮብሌ ቤት እንኳን አደረሰህ ልል ሄድኩ። በሺር እዚያው! ሻሂ እሱ ነው የቀዳልኝ። ስኳሩ ሲያልቅ ማንንም ሳይጠይቅ ከሣጥኑ ኋላ አወጣ። እኔ በልጅነቴ ከዚያ ቤት ሳልጠፋ አድጌ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ስለላ እንዲህ ነው፤ ጠላትን ጓዳ ድረስ ማስገባት ነው።

በሺር ጨዋ ሰው ነው፣ ይህን አልክድም። «ድምፅህ ግሩም ነው» አለኝ። «ቃሉን ብትቀይርለት ደግሞ የበለጠ ያምር ነበር።» አልተቆጣም። ጓንቱ ታጥቦ መስኮቱ ላይ፣ ከሮብሌ ሸሚዝ ጎን ተሰጥቷል።

ሮብሌ ሊሸኘኝ ወጣ። ዓይኔን ጠቀስ አድርጌ «እህስ፣ ምን አገኘህ?» አልኩት።

«ምን ላግኝ?»

«ግራው ነው ቀኙ? የሚሰንፈው።»

በሩን ከኋላው ዘጋው። ከዚያ «ዋርያ፣ ወዳጄ አየነው፣ ያቺ ዘፈን ትቅር» አለኝ።

«የትኛዋ?»

«ታውቃታለህ። አቦ፣ ተዋት። ስለ እኔ ብለህ።»

«እንዴ! ከተማው ሁሉ የወደዳትን?»

«እንግዲያው እኔ ሻምበልን ሸጬ ጅቡቲ እገባለሁ። አጎቴ ወደብ ላይ ሥራ አለ ብሎኛል።»

መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ። ሰው በአንድ ዘፈን አገር ይለቃል? ነገሩ ሌላ ነው። ሮብሌ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ብቸኝነት ነው የያዘው። ሚስት ያስፈልገዋል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 2

ወስኛለሁ፤ ሮብሌን እድራለሁ። የእኔማ ጋብቻ በእጄ ላይ ነው። እማዬ፣ ወይዘሮ አስካለማርያም፣ አንዴ ካለች አለች ነውና፣ ከፋሲካ በኋላ ለየሺመቤት ሽማግሌ ልትልክልኝ ነው። የሺመቤት ቴሌ ናት፣ መስመር የምታገናኝ። «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?» ስትል አንዳንዴ ማንን እንደፈለግሁ ይጠፋኛል። አባቷ አቶ አለምብርሃን ግን ከባድ ሰው ናቸው፤ ስሙ በአደባባይ የተነሳ ሰው ቤቴ አይገባም ይላሉ። የእኔ ስም ደግሞ ሲነሳ የሚነሳው በመልካም ነው። ባለቅኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 6

ቀፊራ፣ ዛምዛም ዘንድ ሄድኩ። እህል ነጋዴ ናት፣ የማታውቀው ቤት የለም። ባሏ የሞተባት የእህቷ ልጅ አለችና ለሮብሌ ትሆን እንደሆነ አነሳሁላት።

ዛምዛም መጀመሪያ ማሽላውን መመዘን አቆመች። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ እያየለ ሄዶ ሚዛኑን ይዛ ቀረች፣ ማሽላው ፈሰሰ። ጎረቤቷ ምን ሆንሽ ስትላት በሶማልኛ ነገረቻት፣ እሷም ሳቀች። ቀጥሎ ያለችው በኦሮምኛ ተነገራት፣ እሷም። በሦስት ቋንቋ ተሳቀብኝ።

«የሳቃችሁበትን ንገሩኝ አቦ!»

ዛምዛም ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «ልጄ፣ ሮብሌ የጎደለው የለም። ተወው።»

«ማለት?»

«ማለት ምንም። ቀፊራ ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉን ያውቃል። አውቀን እህላችንን እንሰፍራለን። ዝም አይነቅዝም።» ከዚያ ሳቋን ተወችና ክንዴን ያዘች። «ያ የእናንተ ዘፈን ግን ነቀዝ ነው። ገባህ?»

ገባኝ አልኳት። ምን እንደገባኝ ግን አልጠየቀችኝም። ለእማዬ አንድ ኪሎ ምስር ገዝቼ ተመለስኩ።

እሑድ፣ የካቲት 14

ምነው ምላሴን በቆረጠው።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ከዘንባባ ጋር ሁለተኛው ጨዋታ ነበር። ከጨዋታው በፊት ነጋ ቤት በርጫ ተቀምጠን፣ ጫት እየቃምን፣ ሁሉም ፈርቷል፤ በዚያ በረኛ ላይ እንዴት እናግባ ይላል። ልባቸውን ላበረታ ብዬ፦ «አይዟችሁ! ሮብሌ አለልን። ማታ ማታ በሺርን በጋሪው የሚወስደው ማነው? ሮብሌ። ቤቱ ሻሂ የሚያጠጣው? ሮብሌ። ጓንቱ የት ነው የሚሰጣው? ሮብሌ መስኮት ላይ!» አልኩ። ሰላይ መሆኑን ልነግራቸው ነበር እኮ። አስቀድሜ ላጓጓቸው ብዬ ነው።

ነጋ ጫቱን ከአፉ አወጣ። «ቆይ» አለ። «ቆይ ቆይ። እኛ ስንት ሳምንት ነው ባልሽ ማነው የምንለው?»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን የሰማኝ የለም። ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔ «ሰላይ ነው! ሰላይ ነው!» እላለሁ፤ እነሱ «ሰላይዋን አገኘናት!» ይላሉ።

ሜዳ ደረስን። በርሜሉ ላይ ወጣሁ። ዛሬ ትቅር ብዬ ሌላ ላወጣ አስቤ ነበር፤ ማሰቤን እዚህ ይጻፍልኝ። እነሱ ግን አልጠበቁኝም። «ባልሽ ማነው?» አለ ግማሹ። «ሮብሌ!» አለ ግማሹ።

ሮብሌ ቆርቆሮውን ይዞ ከእኔ ጎን ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ስሙን ለበጎ የጠሩት መስሎት ቀና አለ። ከዚያ ሲገባው አየሁት። ቆርቆሮውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ፣ እንዳይጮህ ተጠንቅቆ፣ ወደ ሻምበል ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ አየኝ። ያየው እነሱን አይደለም፣ እኔን ነው።

በሺር አንድ ጎል ገባበት። ማንም አላጨበጨበም፣ ሁሉም እየሳቀ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 15

ጥፋቱ የነጋ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 17

የነጋ ብቻ አይደለም። ግን እኔ ስሙን አላወጣሁም። እኔ ጥያቄውን ብቻ ነው ያወጣሁት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። እማዬ ለምን እንጀራህን ትተዋለህ ትለኛለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 20

በሮብሌ ጋሪ የሚሳፈር ወንድ ጠፍቷል። ሴቶቹ ብቻ ናቸው፣ እነ ዛምዛም፤ ባዶ ጆንያ ይዘው ሳይቀር እየተሳፈሩለት ነው። ትናንት ማታ ደጁ ላይ ድንጋይ ተወርውሯል አሉ። ዘንባባዎችም በረኛ እንቀይር ይሉ ጀመር። ሦስት ጊዜ ወደ ቤቱ ሄጄ ሦስቴም ከጥጉ ተመለስኩ። ምን እላለሁ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 27

የዛሬውን ሳልስቅ ልጽፍ ብሞክርም አልቻልኩም፤ ኃጢአት ይሁንብኝ።

አቶ አለምብርሃን፣ አማቴ የሚሆኑት፣ ወሬ አይሰሙምና ቀፊራ ፓፓያ ገዝተው በሮብሌ ጋሪ ተሳፈሩ። መንደርተኛው ቆርቆሮ እየደበደበ «ባልሽ ማነው» ሲል ሻምበል ጦርነቱ ደረሰ አለ። ጋሪው በአሸዋ ገበያ እንደ ነፋስ አለፈ፤ አቶ አለምብርሃን ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ፣ ፓፓያቸውን በሌላው ይዘው «በሕግ አምላክ!» ይላሉ። ፈረስ ሕግ አይገባውም። ለገሃር በር ላይ፣ እኔ ፊት፣ ቆመ። ፓፓያው ሁሉ ጭናቸው ላይ ፈርጧል።

«ይህን የብልግና ዘፈን ያወጣው ማነው?» አሉኝ፣ ፍሬውን ከጢማቸው እየጠረጉ።

ሮብሌ ልጓሙን ይዞ አጠገባቸው ነው። እኔን አየኝ። አንዲት ቃል ቢናገር ሠርጌ ይቀራል።

«አይታወቅም ጌታዬ» አለ ሮብሌ። «እንዲሁ ነው የመጣው።»

እኔም «አይታወቅም» አልኩ።

አሁን መሳቁም ተወኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 5

አዲስ ዘፈን አወጣሁ። ስለ ኳስ ብቻ፣ ንጹሕ። «ፉርጎ ሲመጣ ምድር ይነቃነቃል» የሚል። አሥር ሰው ያህል ተቀበለኝ፣ ከአሥሩ አንዱ የእማዬ ጎረቤት ነው። ነጋ «አቦ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አደረግኸው እኮ!» አለኝና የድሮውን ለቀቀው። ገደል ማሚቶ እንኳ እንዲያ ፈጥኖ አይመልስም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የእኔ ነገር። ዘፈኑም እምቢ አለኝ፣ ከበሮ መቺዬም ሄደ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 14

ቀትር ላይ ሮብሌን ደቻቱ አሸዋ ላይ አገኘሁት፣ ሻምበልን ሲያሽ። ጥላ የለም፣ ሰው የለም። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ስለ ሙቀቱ አወራሁ። ሙቀት ነው አልኩ። አዎ ሙቀት ነው አለ። ባለፈው ዓመትም እንዲህ ነበር አልኩ።

«ገዢ መጣልኝ» አለኝ። «ከዋሂል። ሻምበልን ከፍጻሜው ጨዋታ በኋላ ይወስደዋል። እኔም በማግስቱ በጅቡቲ ባቡር እሄዳለሁ። አንተ ነህ የምትጠራኝ።»

«ሮብሌ፣ ቀልድ እኮ ነው። ለቀልድ ነበር።»

«አውቃለሁ።» የሻምበልን ጋማ በእጁ ከፈለ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ሁሉ ሳምንት ባልሽ ማነው፣ ባልሽ ማነው ትላለህ። መልሱን ብታገኝ ምን ልታደርግበት ነው?»

ይሄ ሁሉ ድምፅ ያለኝ ሰውዬ ጎንበስ ብዬ የሻምበልን ሰኮና አየሁ።

«እኔ ማንንም አልነካሁም» አለ። «ጋሪ እነዳለሁ። ማታ ከሰው ጋር ሻሂ እጠጣለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ አገር ይለቀቃል?»

ፊቱን ወደ ፈረሱ አዙሮ ነበር። ትከሻው ተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ፀሐዩ ዓይን ያጭበረብራል፣ ላይሆንም ይችላል። እኔ ግን አልቅሻለሁ። እጽፈዋለሁ፣ ማን ያየኛል?

የስኳሩን ነገር አሰብኩ። ቴምሩን፣ ጓንቱንና ሸሚዙን። የዛምዛምን ሳቅ። ሰላይ አይደለም ሮብሌ። ሰላይ ሆኖም አያውቅም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 18

ትናንት ፋሲካ ነበር። ዛሬ ሽማግሌዎቹ አቶ አለምብርሃን ዘንድ ሄዱ፤ «እሺ፣ ስሙ ንጹሕ ከሆነ» ብለዋል። እማዬ እልል አለች። የሺመቤት በስልክ፦ «ለገሃር ነው? ሙሽራውን አገናኙኝ» ብላ ሳቀች። እኔ ደግሞ ሥጋው አልወርድ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 23

ነገ ፍጻሜ። ፉርጎና ዘንባባ። ነጋ በአንሶላ ላይ የሮብሌንና የበሺርን ስም በቀለም ጽፎ፣ መሐሉ ላይ ቀለበት ሥሎበታል። ጥያቄው ሲባል ይዘረጋል። አቶ አለምብርሃን የክብር ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ሮብሌ ነገ ይመጣል አሉ፤ በሺር ሲጫወት ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይ። ሰኞ ባቡሩን የምጠራው እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 24

እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ከዚራና መጋላ ባዶ ቀርተው ሰዉ ሁሉ ሜዳ ነበር። ሮብሌ ከሜዳው ማዶ ግራር ሥር ጋሪው ላይ ተቀምጧል፣ ዕቃው ታስሯል፣ ያ የዋሂል ገዢም አጠገቡ ቆሟል። የሻምበልን ጆሮ ግን አልጠቀጠቀም፤ ከበሮ የሚመታ የለማ። በሺር ጓንቱን አድርጎ ገባ። ፀጉሩን ቫዝሊን አልቀባም። ይህ ለምን እንደሆነ እንጃ ከሁሉ ይልቅ አሳዘነኝ።

ዕረፍት አለፈ፣ ባዶ ለባዶ። ማዕዘን ምት አገኘንና ነጋ «አውጣው!» ብሎ በርሜሉ ላይ ገፍቶ አወጣኝ። አንሶላው በሁለት እንጨት ተጠቅልሎ ተዘጋጅቷል። ፊት ለፊቴ አቶ አለምብርሃን፣ ንጹሕ ነጭ ለብሰው። ቲፎዞው እኔን አልጠበቀም።

«ባልሽ ማነው? ባልሽ ማነው?»

ሁሉም ትንፋሹን ሳበ፣ ስሙን ሊጠራ። አንሶላው መዘርጋት ጀመረ። ያን ጊዜ ለገሃር የሚያውቀውን ድምፄን አወጣሁ፣ ያቺን አሸዋ ገበያ የምትደርሰውን፦

«እኔ ነኝ!!»

ዳኛው እንኳ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«አየነው ነኝ! ከለገሃር! ባሏ እኔ ነኝ! ሌላ የምትጠረጥሩ ካላችሁ እኔን አስፈቅዳችሁ ነው!»

መጀመሪያ የዘንባባ ጎን ሳቀ። ከዚያ የእኛ። ነጋ እግሬን ይዞ «አበድህ እንዴ? መልሱ ሮብሌ ነው!» ይለኛል።

«ዘፈኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ መልሱንም እኔ አውቃለሁ!»

ነጋ እንደገና አስጀመረ። «ባልሽ ማነው?» «እኔ ነኝ!» እንደገና። «እኔ ነኝ!» ሮብሌ የሚል ቃል ከማንም አፍ ሳይወጣ እቀድመዋለሁ፤ ባቡር ስጠራ የኖርኩት ለካ ለዚህ ቀን ነው። በመጨረሻ ጠያቂዎቹም በሳቅ መጠየቅ አቃታቸው። ያኔ ጋሼ ዲሪር፣ ያ የሰባት ልጆች አባት፣ ጢሙን እየያዘ ከተመልካች መካከል ተነስቶ «አየነው! እኔንስ ለማን ተውከኝ?» አለ። አለቀ። ሰው መሬት ላይ ወደቀ። አንሶላውን የያዙት ሁለቱም ለቀቁት፣ ነፋስ ወሰደው።

በዚህ መካከል ማዕዘን ምቱ ተመታ። በሺር ጉልበቱን ይዞ፣ ዕንባው እየወረደ፣ እየሳቀ ነበር። ኳሱ በአጠገቡ ሲያልፍ እንኳ አላየውም። ጎል! ፉርጎ አንድ፣ ዘንባባ ባዶ! ነጋ ሊመታኝ ያነሳውን እጁን አንገቴ ላይ ጠምጥሞ ሳመኝ።

ከዚያ ከማዶ ሰማሁት። ዱም! ዱም! ዱም! ሮብሌ የጋሪውን ሳንቃ በሁለት እጁ እየመታ ነው፣ አንዱም ሳይሰናከል፣ ልክ እንደ ድሮው። የሻምበልን ነገር ግን ረስቶታል። ሻምበል ጆሮውን አቆመ፣ ገመዱን በጠሰና በሜዳው መሐል ከነጋሪው፣ ከነሮብሌ፣ ከነዕቃው ጋለበ። ተጫዋች በግራ በቀኝ ተበተነ። የፉርጎን ጎል መረብ አንገቱ ላይ አጥልቆ ቆመ። የዋሂሉ ሰውዬ ኮፍያውን አድርጎ ወደ ቤቱ ሲሄድ አየሁት። «እብድ ፈረስ አልገዛም!» እያለ።

አቶ አለምብርሃንም ተነስተው ሄዱ። ወንበራቸው ብቻ ቀረ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ጠዋት እማዬ አላናገረችኝም። ቁርሴን ግን አቅርባልኛለች።

ለገሃር ደረስኩ። ባቡሩ ቆሟል። «ሽንሌ! አዲጋላ! አይሻ! ደወሌ!» ብዬ ጠራሁ። ሦስተኛ ማዕረግ ያሉት በአንድ ድምፅ «ባልሽ ማነው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ!» አልኳቸው፤ ምን ይደረግ። ተሳፋሪውን አንድ በአንድ አየሁ። ከወትሮው አንድ ጊዜ ጨምሬ ጠራሁ። ባቡሩ ሄደ። ሮብሌ አልተሳፈረም።

ከዚያ የአለቃዬ ስልክ ጮኸ። የሺመቤት ነበረች።

«አባዬ ሽማግሌዎቹን መልሰዋል» አለች።

ቁጭ አልኩ።

«ሥዕሌን ቤተ መቅደስ ላይ ቢያስሉልኝ እንኳ ለዚያ ሰው ልጅ አልሰጥም ብለዋል። ከጠዋት ጀምሮ መስመር የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ደግሞ ባልሽ ማነው ይለኛል።»

«የሺዬ፣ እኔ...»

«ዝም በል፣ አላለቀልኝም። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ከአፍህ ልስማው።»

ቢሮው ውስጥ አለቃዬና ሦስት ሰዎች ነበሩ። «እኔ ነኝ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

«ትናንትማ እንዲህ አልነበረም ድምፅህ» አለችና ሳቀች። «አባዬ በክረምት ይበርድላቸዋል። ጠብቅ።» መስመሩን ቆረጠችው። ይበርድላቸው ይሆን? እንጃ። ድሬ መቼ በርዶ ያውቃል።

ከሥራ ስወጣ ጋሪው በር ላይ ቆሟል። ሮብሌ ልጓሙን ይዟል፣ በሺር ፊት ከጎኑ ነው። የሻምበል አንገት ላይ አሁንም የመረብ ቁራጭ አለ።

«ጅቡቲስ?» አልኩ።

«ፈረሱ አልተሸጠማ» አለ ሮብሌ፣ ወዲያ እያየ። «ምን ላድርግ? ትቼው ልሂድ?»

እኔ ከኋላ፣ ደንበኛ ወደሚቀመጥበት ልወጣ ስል «ዋርያ፣ እዚህ» አለኝ። የፊቱ ወንበር ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። ጠጋ ጠጋ አሉልኝ። በሺር ከኪሱ ቴምር አውጥቶ ሰጠኝ። ሁለት ወጠጤዎች ከኋላችን ቆርቆሮ እየመቱ «ባልሽ ማነው?» ሲሉ ሦስታችንም አፋችንን ልንከፍት ተያየን፤ ሻምበል ግን ቀደመን፣ ጋለበ።

ቀፊራ እስክንደርስ ድረስ አንዲት ነገር አልጠየቅኳቸውም።